ለመኪናችን ደወል ስንጨምር የፋብሪካውን ጥበቃ አናፍርስ

ርእሰ አንቀጽ



ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በመርሳ ከተማ መኪና ያለው ሰው አላርም ማስገጠም መያዙን ሁላችንም እናያለን፤ ሌሊት ሌሊት ደግሞ እንሰማለን። አንዳንዱ ወልድያ ድረስ ሄዶ ያስገጥማል። አንዳንዱ ለንግድ አዲስ አበባ በሄደበት አጋጣሚ እዚያው አስገጥሞ ይመለሳል። አሁን ደግሞ ከአላርሙ ጋር ቤት ውስጥ ተቀምጦ በሪሞት ሞተር የሚያስነሣ ዕቃ አብሮ መጥቷል። ንብረቱን የሚጠብቅ ሰው ይመሰገናል እንጂ አይወቀስም። ይህን ጽሑፍ በሰሌዳው ላይ የለጠፍነውም ማንንም ለመውቀስ አይደለም።

ይሁን እንጂ ለማኅበራችን ጽሕፈት ቤት ከሁለት ወገን አቤቱታ እየቀረበ ነው። ባለመኪናዎች «ገንዘብ ከፍለን ባስገጠምነው ዕቃ ባትሪያችን ወደቀ፤ መኪናው ጠዋት አልነሣ አለን» ይላሉ። መኪና የሌላቸው ጎረቤቶች ደግሞ «ሌሊቱን ሙሉ ይጮኻል፤ ሕፃንም ሕመምተኛም አላስተኛ አለ» ይላሉ። ሁለቱም እውነት አላቸው። ስለሆነም ነገሩን ከሚያውቁ ባለሙያዎች ጠይቀን፣ አመዛዝነንም፣ ለሁሉም ይጠቅማል ያልነውን ከዚህ በታች እናቀርባለን።

የማኅበራችን አቋም በአጭሩ ይህ ነው። አላርም ይገጠም፤ ነገር ግን ፋብሪካው የሠራውን ጥበቃ አፍርሶ አይገጠም፤ የጎረቤትንም ሰላም አፍርሶ አይገጠም።

መኪና የእንጀራ ጉዳይ ነው

እኛ ዘንድ መኪና ለታይታ የሚያዝ አይደለም። ማንጎና ብርቱካን ጭኖ ወደ ደሴና ወደ ወልድያ የሚወስደው አይሱዙ፣ ከውርጌሳና ከስሪንቃ ሰው የሚያመላልሰው ሚኒባስ፣ ከመናኸሪያ ወደ ገበያ ሲሮጥ የሚውለው ባጃጅ የስንት ቤተ ሰብ እንጀራ ነው። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ በአካባቢያችን ባለፈበት ጊዜ ጥሪቱን ያጣ ሰው ብዙ ነው። ከዚያ ወዲህ ከዕቁብ፣ ከብድርና ከዘመድ አሰባስቦ መኪና ወይም ባጃጅ የገዛ ሰው በሌሊት ኮሽታ በሰማ ቁጥር ከአልጋው ቢነሣ አይፈረድበትም።

ፍርሃቱ እውነተኛ ስለሆነ ገንዘቡም የሚወጣው በችኮላ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ ጥበቃ ለመጨመር ብለን ቀድሞ የነበረንን ጥበቃ እያፈረስን እንገኛለን። እንዴት ሆኖ ቢባል መልሱ እነሆ።

ዝም ብሎ የሚጠብቀው ክፍል

በአሁኑ ጊዜ ብዙ መኪናዎች ከፋብሪካ ሲወጡ የራሳቸውን ጥበቃ ይዘው ይወጣሉ። በቁልፉ ራስ፣ በላስቲኩ ውስጥ፣ አንዲት ትንሽ ቺፕ አለች። ቺፗ ባትሪ አያስፈልጋትም። ቁልፉ ሲገባ በማስገቢያው ዙሪያ የተጠመጠመ የሽቦ ቀለበት የቺፗን የሚስጥር ቁጥር አንብቦ ለመኪናው ኮምፒዩተር ያደርሳል። ቁጥሩ ከተስማማ ሞተሩ ይነሣል። ካልተስማማ ሞተሪኖው ቢዞር እንኳ ነዳጁ ወይም እሳቱ ስለሚቋረጥ ሞተሩ አይነሣም፤ በአንዳንዱ መኪና ጭራሽ ሞተሪኖውም አይዞርም። ባለሙያዎቹ ይህን ኢሞቢላይዘር ይሉታል። እኛ በዚህ ጽሑፍ የፋብሪካው ጥበቃ እንለዋለን።

የፋብሪካው ጥበቃ አይጮኽም። ስለማይጮኽም ብዙ ሰው መኖሩን አያውቅም። ብዙውን ጊዜ በመኪናው ዳሽቦርድ ላይ ቁልፉ ከወጣ በኋላ ብልጭ ብልጭ የምትል ቀይ መብራት፣ ወይም የመኪናና የቁልፍ ሥዕል ያለባት ምልክት ካለች ጥበቃው አለ ማለት ነው። ሌላ መለያም አለ። ቁልፉን ገበያ ላይ በብረት ቀራጭ ብቻ አስቀርጻችሁ በሩን ከፍቶ ሞተሩን ካላስነሣ፣ መኪናችሁ ቺፕ ይጠይቃል።

የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ይህ ጥበቃ በአዳዲስ የቤት መኪናዎች ላይ እንዲኖር እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ግዴታ አድርገዋል። ካናዳም እ.ኤ.አ. በ2007 ይህንኑ ደንግጋለች። በሆላንድ የተካሄደ አንድ ጥናት እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 2008 በነበሩት ዓመታት ይህ ጥበቃ የመኪና ስርቆትን በአማካይ 40 ከመቶ ያህል እንደቀነሰ ገምቷል።

በአሜሪካ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ታየ። እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2021 ከተሠሩት የሀዩንዳይና የኪያ መኪናዎች ውስጥ በቁልፍ የሚነሡ ብዙ ዓይነቶች ያለዚህ ጥበቃ ተሽጠው ነበር። ወጣቶች የቁልፉን ማስገቢያ ነቅለው በስልክ ቻርጀር ገመድ ጫፍ እየጠመዘዙ ማስነሣት ጀመሩ፤ ይህም በቪዲዮ ተሠራጭቶ በተለይ እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ ስርቆቱ በብዙ ከተሞች ናረ። ኩባንያዎቹ እ.ኤ.አ. በ2023 የመኪናዎቹን ኮምፒዩተር የሚያስተካክል ፕሮግራም በነፃ ለመስጠት ተገደዱ።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ጩኸት ሌባን ያስደነግጥ ይሆናል። መኪናውን ይዞ እንዳይሄድ የሚያግደው ግን «ሞተሩን አላስነሣም» የሚለው ዝምተኛው ክፍል ነው።

ሪሞቱ ሞተር ሲያስነሣ ማን ፈቀደለት?

እንግዲህ አንባቢ ራሱን ይጠይቅ። ቺፗ ያለችበት ቁልፍ ካልገባ ሞተሩ አይነሣም ካልን፣ ቁልፉ ቤት ውስጥ ተሰቅሎ ሳለ ሞተሩ በሪሞት እንዴት ይነሣል?

የሚነሣው ገጣሚው የፋብሪካውን ጥበቃ ስላታለለው ነው። በርካሹ መንገድ የሚሠራው እንዲህ ነው። ገጣሚው «ትርፍ ቁልፍህን አምጣ» ይላል። ከትርፍ ቁልፉ ውስጥ ቺፗን ያወጣና ከዳሽቦርዱ ሥር፣ ከቁልፉ ማስገቢያ አጠገብ፣ በናስትሮ ጠቅልሎ ያስራታል። ከዚያ በኋላ የመኪናው ኮምፒዩተር ትክክለኛው ቁልፍ ሁልጊዜ የገባ ይመስለዋል። ባለቤቱም «ሪሞቱ ሠራ!» ብሎ ደስ ብሎት ይሄዳል። በእርግጥ ሪሞቱ ሠርቷል። ነገር ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ የመኪናው ቁልፍ ተራ ብረት ሆኗል። ማስገቢያውን በመፍቻ የሰበረ ሌባ መኪናውን ያስነሣዋል። የቤቱን በር ቆልፎ ቁልፉን ከምንጣፉ ሥር ትቶ እንደመሄድ ማለት ነው።

በትክክለኛው መንገድ ሲሠራ ግን እንዲህ አይደለም። ቺፗ ወይም እሷን የምትተካው ትንሽ ሣጥን በሪሌ በኩል ትታሰራለች። ሪሌው የሚገናኘው ከሪሞቱ ትክክለኛ ትእዛዝ ሲመጣና ለማስነሻው ጊዜ ብቻ ነው። በቀረው ጊዜ ሁሉ የፋብሪካው ጥበቃ እንደ ተፈጥሮው ይቆያል። አንድ ሰው ማስገቢያውን ቢሰብር ሞተሩ አይታዘዝለትም።

ስለዚህ ወልድያም ሆነ ደሴ፣ አዲስ አበባም ብትሄዱ፣ ሥራው ሳይጀመር ለገጣሚው እነዚህን ጥያቄዎች ጠይቁት።

አንደኛ፤ «የፋብሪካው ቁልፍ ጥበቃ ከሥራው በኋላ እንዳለ ይቆያል ወይ?» ሥራው ካለቀ በኋላም ፊታችሁ ያሳያችሁ። ማሳያው ቀላል ነው፤ ቺፕ በሌለው ቁልፍ አስነሥቶ መሞከር ነው። በዚያ ቁልፍ ሞተሩ ከተነሣ ጥበቃችሁ ፈርሷል።

ሁለተኛ፤ «የአላርሙ ሪሞት ቁጥሩ በየጊዜው የሚለዋወጥ ነው ወይስ አንድ ዓይነት?» ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቁጥር የሚልክ ሪሞት በቅርብ በቆመ ሰው መሣሪያ ሊቀዳ ይችላል። ቁጥሩ በተጫንን ቁጥር የሚለዋወጠው ዋጋው ትንሽ ከፍ ቢል ይሻላል።

ሦስተኛ፤ «ሪሞቱ ቢጠፋ ወይም ባትሪው ቢያልቅ አላርሙን በምን አጠፋዋለሁ?» አብዛኛው አላርም የተደበቀች መዝጊያ ቁልፍ ወይም የሚስጥር ቁጥር አለው። ይህን ሳይነግራችሁ ሂሳብ አትክፈሉ። ከመርሳ ወልድያ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በሌሊት የሚጮኽ መኪና ይዞ ገጣሚ ፍለጋ መሄድ ቀልድ አይደለም።

ከፋብሪካ የራሱ አላርም ያለው መኪና ላይ ሁለተኛ አላርም ስትጨምሩ ደግሞ ሁለቱ እንዳይጣሉ ተጠንቀቁ። አንዱን በአንዱ ሪሞት ከፍታችሁ ሌላው ሳይከፈት ከቀረ፣ ባለቤቱ በሩን በከፈተ ቁጥር እንደ ሌባ ይጮኽበታል። አዲሱ አላርም ከፋብሪካው ሪሞት ጋር አብሮ የሚከፈትና የሚዘጋ ሆኖ ቢታሰር ችግሩ ይወገዳል።

ሽቦ ሲቆረጥ ባለቤቱ ቆሞ ይይ

አላርም የሚገጥም ሰው የሞተሪኖውን፣ የቁልፉን፣ የፍሬቻውንና የበሩን ሽቦዎች ይነካል። ከእነዚህ ውስጥ የቁልፉና የሞተሪኖው መስመር ብዙ ኃይል ይሸከማሉ። ቀጭን ሽቦ ከተቀጠለባቸው ይግላል፤ ከጋለ ላስቲኩ ይቀልጣል፤ ከቀለጠ እሳት ነው። ስለዚህ ከባትሪው የሚነሣ አዲስ መስመር ሁሉ በባትሪው አጠገብ የራሱ ፊውዝ ይኑረው። ቅጥያውም በእጅ ተጠምዝዞ ናስትሮ የተጠቀለለበት ብቻ ሳይሆን በካውያ ተበይዶ የተሸፈነ ይሁን። በእኛ መንገድ መንቀጥቀጥ የተጠማዘዘ ሽቦ ብዙ ሳይቆይ ይላላል። ምክንያቱ ሳይታወቅ መንገድ ላይ ጥፍት ከሚሉት መኪናዎች ውስጥ ጥቂት የማይባሉት በሽታቸው ይኸው ነው።

የባትሪውንም ነገር በቁጥር እንየው። አላርም መኪናው ቆሞ ሳለም ኤሌክትሪክ ይበላል። በደንብ የተሠራ ከሆነ የሚበላው ትንሽ ነው። ነገር ግን 50 ሚሊ አምፔር የሚበላ ዕቃ 45 አምፔር ሰዓት ባላት ትንሽ መኪና ባትሪ ላይ ብናስር፣ በ900 ሰዓት ወይም በ37 ቀን ሙሉ በሙሉ ይጨርሳታል። ባትሪ ደግሞ ባዶ እስክትሆን አትጠብቅም፤ ግማሿ ሲያልቅ፣ ማለትም በሦስት ሳምንት ገደማ፣ ያረጀች ከሆነች ሞተሪኖ ማዞር ያቅታታል። ነዳጅ ጠፍቶ ወይም መንገድ ተዘግቶ መኪናው ለሳምንታት በሚቆምበት ጊዜ «አላርሙ ባትሪዬን ገደለው» የሚባለው በዚህ ነው። ገጣሚው ሥራውን ሲጨርስ ሁሉንም አጥፍቶ በመለኪያው ስንት እንደሚበላ ያሳያችሁ። መኪናው ለረጅም ጊዜ የሚቆም ከሆነም የባትሪውን አንዱን ጫፍ መፍታት ይቻላል።

ናፍጣ ለሚጠቀሙ መኪናዎች አንድ ማሳሰቢያ አለን። የናፍጣ ሞተር በጠዋት ማሞቂያው ጥቂት ሴኮንድ እስኪሠራ ይጠብቃል። ለቤንዚን መኪና የተሠራ ርካሽ ሪሞት ግን ወዲያው ሞተሪኖውን ያዞራል፤ ሞተሩ እንቢ ሲል ደጋግሞ ያዞራል። በዚህ ዓይነት ባትሪውም ሞተሪኖውም ይጎዳሉ።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪናዎችም በመንገዳችን መታየት ጀምረዋል። እነዚህን በተመለከተ ነገሩ አጭር ነው። ብርቱካንማ ቀለም ያለው ወፍራም ገመድ ሰው የሚገድል ኃይል ስላለው ማንም ተራ ገጣሚ አይንካው። የሚነሣ ሞተር ስለሌላቸው የማስነሻ ሪሞትም አያስፈልጋቸውም። አዲስ መኪና ገዝታችሁ ዋስትናው ያላለቀም ከሆነ፣ ሽቦው ከመቆረጡ በፊት የዋስትናውን ወረቀት አንብቡ።

ሰው የሌለበት መኪና በማርሽ ሲነሣ

ከሁሉም በላይ ያሳሰበን ግን ይህ ነው።

በሪሞት ሞተር ማስነሣት የተለመደው ክረምታቸው በረዶ በሆነ አገሮች፣ እንደ ካናዳ ባሉት፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ መኪናውን ለማሞቅ ነው። መኪናዎቻቸውም በብዛት አውቶማቲክ ናቸው። የእኛዎቹ በአብዛኛው ባለ ማርሽ ናቸው። እኛ ደግሞ ሾፌሮች ስንባል መኪና ስናቆም፣ በተለይ ቁልቁለት ላይ፣ አንደኛ ማርሽ አስገብተን መውረድን ከመንጃ ፈቃድ ትምህርት ቤት ጀምሮ የለመድን ነን። ጥሩ ልማድ ነው። ነገር ግን ማርሽ ውስጥ የቆመ መኪና በሪሞት ሲነሣ ወደፊት ይዘላል።

በመንደራችን ይህ ደርሷል። አንዲት ትንሽ መኪና በጠዋት ባለቤቷ ቁርስ ላይ ሳለ በሪሞት ስትነሣ ዘልላ የጎረቤትን የቆርቆሮ አጥር ገጨች። በዚያ ሰዓት ልጆች በዚያ አጥር ሥር ወደ ትምህርት ቤት ያልፋሉ። አላህ አወጣን፤ እግዚአብሔር ጠበቀን። ቆርቆሮው ተቃንቷል። ሌላ ቀን ግን በቆርቆሮ ፈንታ ልጅ ቢሆንስ ኖሮ? ይህን ጥያቄ እያንዳንዱ ባለመኪና ሪሞቱን ከመጫኑ በፊት ለራሱ ያቅርብ።

ለባለ ማርሽ መኪና የተሠሩ ዕቃዎች አሉ። እነዚህ የእጅ ፍሬን መያዙን፣ ማርሹ ዜሮ መሆኑን፣ ሾፌሩ ወርዶ በሩን መዝጋቱን ካላረጋገጡ አያስነሡም። ይህን ማረጋገጫ ሽቦ «አያስፈልግም» ብሎ የሚዘልል ገጣሚ ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ጢሱም አለ። ከሞተር የሚወጣው ጢስ ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ አለው። በተዘጋ ጋራዥ ወይም መኝታ ቤት በተጠጋ መጠለያ ውስጥ በሪሞት ሞተር ተነሥቶ ቢረሳ፣ የተኛ ሰው ሳይነቃ ሊቀር ይችላል።

ጥቅሙንም እንመዝን። መርሳ ቆላማ ናት፤ ወልድያም ብትሆን እንደ እነዚያ አገሮች በረዶ የለባት። የዛሬ ሞተር ግማሽ ደቂቃ ያህል ከሠራ በኋላ ቀስ ብሎ ቢነዳ ይበቃዋል። ትንሽ መኪና ቆማ ስትሠራ በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ታቃጥላለች። በየጠዋቱ 10 ደቂቃ ብታሞቋት በወር 5 ሰዓት፣ ማለትም ከሁለት ሊትር ተኩል እስከ አምስት ሊትር ነዳጅ በከንቱ ይሄዳል። ለነዳጅ ሰልፍ እየተሰለፍን ይህን ማድረግ፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚሉት ዓይነት ነው።

ሁልጊዜ የሚጮኽን ማን ይሰማዋል?

አሁን ወደ ጩኸቱ እንመለስ። አላርም የሚጮኸው ጎረቤት ሰምቶ እንዲወጣ ነው። ጎረቤት ካልወጣ አላርሙ ከንቱ ነው። እኛስ እንወጣለን? ልብ ብላችሁ ታዘቡ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አላርም ሲጮኽ ሁሉም በየበሩ ብቅ ይል ነበር። አይሱዙ ሲያልፍ ጮኸ፤ ድመት ዘለለችበት ጮኸ፤ ነጎድጓድ ሲመታ ጮኸ። ከዚያ በኋላ «ተዉት፣ የእነ እገሌ መኪና ነው» ብሎ ብርድ ልብስ መሳብ ተለመደ። ስለዚህ እውነተኛው ሌባ ሲመጣ አላርሙ ይጮኻል፣ እኛም እንተኛለን። ጠዋት ስፖኪዮው ወይም ስኮርታው ከጠፋ በኋላ መሰብሰብ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል።

በከንቱ የሚጮኽ አላርም የሚጎዳው እንግዲህ እንቅልፋችንን ብቻ አይደለም። የባለቤቱን ጥበቃ ራሱ ያጠፋዋል፤ የጎረቤቱንም አላርም ያረክሰዋል።

ሌላም የምንፈራው ነገር አለ። ከጥቂት ወራት በፊት ኳሱን ሊያወጣ ከቆመ መኪና ሥር የገባ ልጅ አላርሙ ሲጮኽበት ደንግጦ ሮጠ። ሲሮጥ ያዩት ሰዎች «ሌባ!» ብለው ዱላ ይዘው ተከተሉት። አንዲት እናት «የእኔ ልጅ ነው!» ብላ መሀል ባትገባ ምን ይሆን እንደነበር ለመናገር እንኳ ይከብዳል። አላርም ሰው ሌባ መሆኑን አያውቅም፤ መኪናው መነካቱን ብቻ ነው የሚያውቀው። እውነተኛ ሌባ ቢያዝም ፍርዱ የፍርድ ቤት ነው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ስርቆትን በአንቀጽ 665 ይቀጣል፤ ሰውን የሚደበድበውንም እንዲሁ ሕግ ይጠይቀዋል። በአላርም ጩኸት ተነሥቶ ማንም ሰው ላይ እጁን የሚያነሣ ነዋሪ በማኅበራችን ስም አልተነሣም።

ትልልቅ ከተሞችም በዚህ ተቸግረዋል። በኒው ዮርክ ከተማ የመኪና አላርም በሦስት ደቂቃ ውስጥ በራሱ ጸጥ እንዲል ሕግ ያዛል። እኛ ከዚያ ያነሰ ጊዜ የሚበቃን ትንሽ መንደር ነን።

ለስብሰባ የምናቀርባቸው ሐሳቦች

ከዚህ በላይ በዘረዘርናቸው ምክንያቶች በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ የሚከተሉትን ለውይይት እናቀርባለን። ከተስማማንበት የመንደራችን ደንብ ይሆናል።

1. አላርም ያለው ሁሉ የስሜት መጠኑን ያስተካክል። በእጅ ጠንከር ብሎ ሲመታ እንጂ ከባድ መኪና ሲያልፍ መጮኽ የለበትም። ገጣሚው ይህን የሚያስተካክልበት ትንሽ ብሎን ወይም ቁልፍ አለው።

2. ጩኸቱ ከአንድ ደቂቃ በላይ እንዳይቀጥል ሆኖ ይታሰር።

3. ባለመኪናው ስልክ ቁጥሩን ለዘበኛችንና ለሁለት የቅርብ ጎረቤቶቹ ይስጥ። አላርሙ ሲጮኽ መጀመሪያ የሚደወለው ለእርሱ ነው። በአንድ ሌሊት ሁለት ጊዜ በከንቱ ከጮኸ አጥፍቶት ይደር፤ በማግሥቱ ያሠራው።

4. ልጆች በሚያልፉበት መተላለፊያ ላይ የቆመ መኪና ባለቤቱ በዐይኑ ሳያየው በሪሞት አይነሣ። ባለ ማርሽ መኪና ማረጋገጫው ከሌለው በፍጹም አይነሣ። የሪሞት ማስነሻ ያለው መኪና በዜሮ ማርሽ፣ በእጅ ፍሬንና በጎማው ሥር በተደረገ ድንጋይ ይቁም።

5. መኪናው ሲቆለፍና ሲከፈት የሚያሰማው የክላክስ ድምፅ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ይዘጋ። ለሱብሒ የሚነሣውም፣ ለኪዳን የሚሄደውም፣ ሌሊት ከመንገድ የሚገባው ሾፌርም ይህን ይጠብቅ። የፍሬቻው ብልጭታ ብቻውን ይበቃል።

6. በአላርም ጩኸት የወጣ ሰው መብራት ይዞ ይውጣ፤ ብቻውን አይውጣ፤ የተጠረጠረ ሰው ቢገኝ ሳይነካ ለፖሊስ ይሰጥ።

ገንዘብ ላነሰው ወገናችን

አላርም ማስገጠም ያልቻለ ሰው መኪናው ያለ ጠባቂ ቀረ ማለት አይደለም። አብሽሩ።

ያረጀች ኮሮላ፣ የቆየ አይሱዙና ባጃጅ በአብዛኛው የፋብሪካ ቺፕ የላቸውም። ለእነዚህ ከሚጮኽ ዕቃ በፊት የሚጠቅመው የተደበቀ ማቋረጫ ነው። የነዳጁን ወይም የእሳቱን መስመር የምታቋርጥ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ሌባ በማይጠረጥረው ቦታ ትደረጋለች። ዋጋዋ ከአላርሙ በብዙ ያነሰ ነው፤ አትጮኽም፤ ባትሪም አትበላም። ለባጃጅ የጎማ ሰንሰለትና ባትሪውን የሚይዝ ብረት ሣጥን እዚሁ ብየዳ ቤት ይሠራል። በስፖኪዮና በመስታወት ላይ የታርጋ ቁጥር ማስቀረጽም ዕቃው ተሰርቆ ለመሸጥ እንዲያስቸግር ያደርጋል።

ከዚህም ሌላ፣ በየበሩ ተበታትነው የሚያድሩትን መኪናዎችና ባጃጆች መብራት ባለበት አንድ ቦታ ሰብስቦ ማሳደር ይቻላል። አንድ ዘበኛ ሃያ ቦታ ሊጠብቅ አይችልም፤ ሃያ መኪና በአንድ ቦታ ግን ይጠብቃል። ባለመኪናው ለዘበኛው ትንሽ ጨምሮ ቢከፍል፣ መኪና የሌለውም ለመብራቱ አምፖል ቢያዋጣ፣ ሁለቱም ያተርፋሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ነው።

በመጨረሻም፤ አላርም ጎረቤትን የሚጠራ ዕቃ ነው። የሚጠራው ጎረቤት ከሌለ፣ ወይም ካኮረፈ፣ የስንት ሺህ ብር ዕቃ ቢሆን ባዶ ቀንደ መለከት ነው። ስለዚህ ባለመኪናዎች ዕቃችሁን በትክክለኛ ባለሙያ አስገጥሙ፤ የፋብሪካውን ጥበቃ አታስፈርሱ፤ ሰው የሌለበትን መኪና ልጆቻችን መሀል አታስነሡ። መኪና የሌላችሁም፣ የጎረቤታችሁ አላርም በደንቡ መሠረት ሲጮኽ «የእነ እገሌ ነው» ብላችሁ አትተኙ። አላርም ያስገጠማችሁ ሁሉ ከስብሰባው በፊት ወደ ጽሕፈት ቤታችን መጥታችሁ ስልክ ቁጥራችሁን እንድታስመዘግቡ በአክብሮት እናሳስባለን።

ሰላም እደሩ።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት
መርሳ